ከሃያ ሰባት ቁጥር በታች

አዲስ አበባ
መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአረጋ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ጋሸና ላይ ወይዘሮ ዙልፋ ምግብ ቤት ሾፌር ሲጠብቅ ሰንብቶ ኖሮ ፖስታው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ጆሮዎ ስልክ መስማት ካቃተው ወዲህ በጽሑፍዎ ለምጄአለሁ። እንዲያውም የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ነው ቤቴ ያለሁ የሚመስለኝ። እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ታዲያ ስለ ጉልበትዎ ሕመም ሳልጠይቅ አራት ወር ማሳለፌ ነውር ነው። ይቅር ይበሉኝ። ለጉልበትዎ የሚቀባ መድኃኒት ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

አውሮፕላኗ ምን ፈልጋ እንደሆነ ጠይቀውኛል። በዚህ ድርቅ ሰዉ የእርዳታ እህል የምታወርድ መስሎት አራት ቀን አንጋጦ መዋሉን ሳነብ አፈርኩ። የእኛው ሥራ ናት አጎቴ። ሆዷ ሥር የተገጠመው መሣሪያ በአንዲት ሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሌዘር ብርሃን ወደ ምድር ይወረውራል፤ ብርሃኑ ነክቶ እስኪመለስ የፈጀበትን ጊዜም ይመዘግባል። አብዛኛው ቅጠል ላይ ይቀራል። ጥቂቱ ግን በቅጠል መካከል ሾልኮ አፈር ይነካል። እኛ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ቅጠል የነካውን ሁሉ አውጥተን እንጥልና አፈር የነካውን ብቻ እናስቀራለን። ያኔ ጫካው ይጠፋል። መሬቱ ልብሱን አውልቆ ይታያል፤ የፈረሰ እርከን፣ የተቀበረ አጥር፣ የቤት መሠረት።

ላሊበላን ያላየ የለም። ዐለቱን ሲፈለፍሉ የኖሩት ሰዎች ግን የት ነበር የሚያድሩት? ገብሱን ያበቀለላቸው ማን ነው? ስለ ነገሥታቱ ተጽፏል፣ ስለ ገበሬው ማንም አልጻፈም። የጥናታችን ርዕስ «በመካከለኛው ዘመን በላስታ የነበረ የገጠር ሰፈራ» ነው፤ የእኔም የዶክትሬት ጽሑፍ እሱው ላይ ነው።

አሁን የምነግርዎትን ቁጭ ብለው ያንብቡት። ከእርስዎ ቤት ፊት ለፊት፣ ሸጓላ ጫካ ውስጥ፣ አርባ አምስት የቤት ክብ አገኘን። ከአምባው ጫፍ ጀምሮ እስከ ምንጩ ድረስ ተደርድረዋል። ያደግሁት እነሱን እያየሁ ነው ማለት ነው፤ ጫካ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። የቡድናችን መሪ በሰሜን ኢትዮጵያ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ትልቁ የዚያ ዘመን መንደር ሊሆን ይችላል ይላል።

የእርስዎ እርዳታ ያስፈልገኛል። ክቦቹን ከላይ ወደ ታች ቁጥር ሰጥቼአቸዋለሁ፤ ስዕሉን አትሜ ልኬልዎታለሁ። ጉልበትዎ ከፈቀደ ከአንድ ሰው ጋር ሆነው ስፋታቸውን፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ በሩ ወዴት እንደሚያይ ይለኩልኝ። የሸክላ ገል ካገኙ ከየትኛው ቁጥር እንደሆነ ጽፈው ያስቀምጡልኝ።

የሚወድዎት ልጅዎ
ንጋት


ከሸጓላ ማዶ
ሚያዝያ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለንጋት፣

ስዕሉም ሜትሩም መድኃኒቱም ደርሶኛል። ዙልፋ የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ «አብሽር፣ ጠዋትና ማታ ተቀባው» ብላ ጽፋበታለች፤ ለሁሉም ሰው እናት ናት። እኛ በጾሙም በድርቁም አለን። በልጉ ቀረ ስንል ትናንት ጥቂት አካፋ። ላሟ ግን ከሳች።

ስዕሉን መጀመሪያ ሳየው የታመመ ሰው ገላ መሰለኝ። እከክ የጣለ፣ ጠባሳ የያዘ። ኋላ ወደ ብርሃን አወጣሁትና ቁልቁለቱን ለየሁት፣ ምንጩን ለየሁት። ከዚያ መልሼ አጠፍሁት። ሁለት ቀን አላየሁትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ሽማግሌ ነኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከጥናታችሁ ስም ላይ «ሰፈራ» የሚለውን ብታወጡት ሸጋ ነበር። ለእናንተ ቃሉ የሰው አቀማመጥ ማለት ይሆናል። እዚህ ግን ሰፈራ ሲባል እናት ልጇን ጠርታ ወደ ቤት ታስገባለች። «አሰፋፈር» በሉት፣ ወይም «አኗኗር»። ቃል አይጠፋም።

ሥራውን ሠርቻለሁ። ከጎረቤታችን ከወልደ ሰንበት ጋር ሦስት ጠዋት ወጣን። እሱ የሜትሩን ጫፍ ይይዛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቁጥር ስድስት ሜትር ከአንድ ስንዝር ነው፤ ግድግዳው ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ሆኖ መካከሉ በጭቃና በጠጠር ተሞልቷል። በሩ ወደ ምሥራቅ ያያል። አራት ቁጥር ውስጥ መሃሉ የጎደጎደ የወፍጮ ድንጋይ አለ፤ ጥድ በላዩ በቅሎ ሥሩ ድንጋዩን ለሁለት ከፍሎታል። ከዘጠኝ ቁጥር ጥቁር ገል አግኝቻለሁ፣ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጫረ። እናቶቻችን እንዲህ ያለ አይሠሩም ነበር። የጥንት ነው።

እስከ ሃያ ስድስት ቁጥር ያለው በሌላው ወረቀት ላይ አለልሽ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ተመለስሁ። ላይኞቹ በቂ ይመስሉኛል።

በርትተሽ ብዪ። ከስተሻል ይላሉ ያዩሽ።

አጎትሽ
አረጋ


አዲስ አበባ
ግንቦት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአረጋ፣

የላኩልኝን ልኬት ለቡድኑ ሳሳይ መሪያችን «ይህን የጻፈው የትኛው ባለሙያ ነው?» አለኝ። አጎቴ ነው፣ የቆሎ ተማሪ የነበረ ገበሬ ነው አልኩት። የዘጠኝ ቁጥሩ ገል ሰባት መቶ ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ነግሮናል። ደስታዬን ቢያዩ ኖሮ።

በደብዳቤዎ ጀርባ በእርሳስ የጻፏትን ጥያቄ ዘግይቼ አየኋት። ምን እንዳሳሰብዎት አላውቅም፤ ቢሆንም እመልስልዎታለሁ። የለም፣ ከሁለት ዓመቴ በፊት የማስታውሰው ነገር የለኝም። የማውቀው እርስዎ የነገሩኝን ነው። እናቴ ስሜነሽ በስለት ያገኘችኝ አንድ ልጇ እንደሆንኩ። በድርቁ ጊዜ አባቴና እሷ እህል ሊቀበሉ ሲወርዱ ትኩሳት ይዞኝ ስለነበር እርስዎ ዘንድ ትተውኝ እንደሄዱ። እዚያው ኮረም መጠለያ ሁለቱም በተስቦ እንደሞቱ። ትኩሳቱ ባይዘኝ ኖሮ እኔም አብሬ እንደሞትኩ። ልጅ ሆኜ ይህን በነገሩኝ ቁጥር ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። እሱን አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ። ከሃያ ሰባት ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች ያሉት አሥራ ዘጠኝ ክቦች ግራ አጋብተውኛል። ላይኞቹ ቤቶች ውስጥ የበቀለው ዛፍ እንዳገኘ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ወይራውም ጥዱም ተቀላቅሎ። ታችኞቹ ውስጥ ግን ሁሉም እኩል ቁመት ነው፤ መስመር ይዞ የተተከለ ነው። ቤቶቹ መሃል ሳይቀር፣ ምድጃው ይሆናል ብዬ የምገምትበት ቦታ ላይ ሳይቀር ተተክሏል። ሌዘሩ ዛፍ መቁጠርም ይችላል አጎቴ። ማን ተከለው? መቼ?

ደግሞ 31 ቁጥር ከሌሎቹ ይሰፋል፤ ከጎኑ አራት ማዕዘን የሆነ ትንሽ ክፍል ተቀጥሎለታል። መሪያችን የአንድ ባላባት ቤት ይሆናል የሚል ግምት አለው። ጉልበትዎ ሲሻልዎ እሱን ብቻ ቢያዩልኝ።

ንጋት


ከሸጓላ ማዶ
ሰኔ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ንጋቴ፣

ክረምቱ ገባ። ወንዙ መንገዱን ሳይቆርጠው ይህችን ልላክልሽ ብዬ ነው።

31 ቁጥር የባላባት ቤት አይደለም። ከጎኑ ያለው የጥጃ ቤት ነው።

እንዴት አወቁ ብትዪኝ፣ ወርጄ ነበር። ወልደ ሰንበት ሃያ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጠና «ከዚህ በታች ሌላ ሰው ፈልግ» ብሎኝ ሄደ። ባለፈው ስለ ጉልበቴ የጻፍሁልሽ ይህን ላለመናገር ነበር። ብቻዬን ወረድሁ። ከዛፉ በስተቀር ምንም የለም። ድንጋይ ነው፣ ቅጠል ነው። በሩ ጋ ስደርስ ግን አፌ ሳላዘው «ቤቶች» ብሎ ተጣራ። ሰው ቤት ሳይጣሩ አይገባም፤ ልማድ ነው። ጆሮዬ ከብዷልና መልስ ቢኖርም አልሰማም ነበር። ያም ሆኖ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ተመለስሁ።

ስለ ዛፉ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ላይኞቹ ይበቋችኋል። የጥንቱ እነሱ ናቸው።

አረጋ


አዲስ አበባ
መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአረጋ፣

ክረምቱን ሙሉ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ በመንገዱ መዘጋት አንዱም አልደረሰዎትም፤ ወይዘሮ ዙልፋ ሁለቱንም ከነማሸጊያቸው መልሰውልኛል። አልከፋኝም። ዛሬ ብጽፋቸው ኖሮ እንደዚያ አልጽፋቸውም ነበር።

ቡድኑ ኅዳር 15 ሸጓላ ይገባል። ለቁፋሮ የተመረጠው 31 ቁጥር ነው። የጥጃ ቤት ነው ያሉኝን ለመሪያችን ነገርኩት፤ «ሰባት መቶ ዓመት የሞላውን የጥጃ ቤት አጎትሽ በምን አወቀው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የካርታ ማኅደር ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ። በ1957 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የተነሱ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች አሉ። ሸጓላን አገኘሁት። ጫካ የለም። ላይኛው ሜዳ ባዶ የግጦሽ መሬት ነው። ታች፣ ከምንጩ በላይ፣ በማጉያ መስታወት ስመለከት ጥላ የጣሉ ክብ ጣሪያዎች አየሁ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ ኋላ የተሠሩ ይሆናሉ። 31 ቁጥር አለ። አጠገቡ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፣ በጎች ይመስሉኛል።

አጎቴ፣ በዚያ ዓመት እነዚህ ቤቶች ሰው ነበረባቸው። እርስዎ ከማዶ፣ በሁለት ጥሪ ርቀት ላይ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። እኔ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ላሊበላ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ እዚያው አድጌ፣ ጫካው ውስጥ መንደር እንደነበረ አንድም ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አልነገረኝም። እንጨት ለቀማ ስንሄድ ወደዚያ አትውረዱ ይሉን ነበር። ጅብ አለ ነበር የሚሉን።

እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ?

መሬቱ ውስጥ ያለውን ቆፋሪው ከማውጣቱ በፊት እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻለኛል።

ንጋት


ከሸጓላ ማዶ
ጥቅምት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ንጋት፣

ሰላምታ አልጻፍሁም። የሚቀጥለውን አንብበሽ ሰላምታዬን የምትፈልጊው ከሆነ ያኔ እጽፍልሻለሁ።

31 ቁጥር የተወለድሽበት ቤት ነው።

በ1978 ዓ.ም. እኔ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርሁ። ሌላ ምክንያት የለውም፣ ፊደል ስለማውቅ ነው። ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ከማኅበራችን አሥራ ዘጠኝ አባወራ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ይሂድ የሚል። በፈቃዱ እጁን ያወጣ አልተገኘም። ሐሙስ ዕለት ካድሬው መጥቶ «አሥራ ዘጠኝ ስም ጻፍልኝ። ለሰዎቹ ቅዳሜ ሜዳው ላይ እህል እንደሚታደል አስነግራቸው» አለኝ። 

«ሲመጡስ?» አልሁት።

«መኪና ይጠብቃቸዋል» አለኝ። ይህንኑ ነው ያለኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። ለብዙ ሰው አላወቅሁም ብያለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር።

የሸጓላ ቤቶች አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ቁጥሩ ልክ መጣልኝ፤ ከምንጩ ጀምሬ ወደ ላይ ጻፍኋቸው። እህቴን ባወጣ በእሷ ቦታ ከማዶ አንድ ቤት መተካት ነበረብኝ። ከማዶ የመጀመሪያው ቤት የእኔ ነው።

ዓርብ ወደ እናትሽ ተሻገርሁ። አንቺን ታቅፋ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ነገ ስትወርዱ ልጅቷን እኔ ዘንድ ተያት» አልኋት።

«ምነው?»

«ፊቷ አላማረኝም። ያተኩሳታል።»

ግንባርሽን ዳሰሰች። «ኧረ አያተኩሳትም» አለች።

«ያተኩሳታል እህቴ።»

ታላቄ ናት፤ አዝላ ያሳደገችኝ ናት። ትንሽ አየችኝና «እንግዲህ አንተ ካልህ» ብላ አቀበለችኝ። አንቺ ወደ እሷ ተንጠራርተሽ አለቀስሽ። ትኩሳት አልነበረብሽም ንጋት። አንድ ቀን እንኳ አልነበረብሽም።

ቅዳሜ ስልቻቸውን ይዘው ወረዱ። ከማዶ ሆኜ አየሁ። ወታደሮቹ ሜዳውን ሲከቡ ሰዉ ሰልፍ እንዲይዝ የሚያደርጉት መስሎት ይሰለፍ ነበር። አንዳንዱ ስልቻውን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። በጋሸና አድርገው ወሰዷቸው። ማምሻውን ሸጓላ ላይ እሳት ያልጠፋባቸው ምድጃዎች ነበሩ፤ ጭሱ እስከ እሑድ ጠዋት ወጣ።

ከዚያ ጣሪያውን ለእንጨቱ አፈረስነው። መሬታቸውን ተከፋፈልነው። የምዘራት ገብስ፣ አንቺን ያሳደግሁባት ገብስ፣ የእናትሽ መሬት ላይ ናት። ሰው ሁሉ ዝም ያለው ስለሚጠላሽ አይደለም፤ ሁሉም ከዚያ ይበላል። በ79 የደን ዘመቻ ሲመጣ ችግኙ የት ይተከል ሲሉን ሸጓላ ያልሁት እኔ ነኝ። በየቤቱ መሃል ጉድጓድ ቆፍሬ የተከልሁ እኔ ነኝ። አድጎ ሲሸፍነው ዐረፍሁ ብዬ ነበር። ያችን አውሮፕላን ሳያት ሥራዋ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፈራኋት።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ላይ ደረስሁ።

እናትሽ ኮረም አልሞተችም። ፓዌ ነው የወሰዷቸው። በ1980 ሰው አጽፋ ደብዳቤ ላከችልኝ። አባትሽ ምሥጋናው በመጀመሪያው ክረምት በወባ እንደሞተ ነገረችኝ። ከዚያ በታች «ልጄ አለች ወይ? ካለች በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» ይላል። በዚያ ወቅት ከዚያ የሚያመልጡ ሰዎች በረሃ ላይ ይቀሩ ነበር፤ የደረሰም ካለ ይዘው ይመልሱታል። ብትነሳ ትሞታለች ብዬ አሰብሁ። ይህ እውነት ነው። ብትመጣ ደግሞ ዓይኔን አይታ ሁሉን እንደምታውቅ አሰብሁ። ይህም እውነት ነው። የትኛው እጄን እንደመራው እስከ ዛሬ አልለየሁም። «ልጅቷ በዚያው ሰሞን ሞታለች፣ ቀብሬያታለሁ» ብዬ መለስሁላት።

ደርግ ሲወድቅ ከዚያ ብዙ ሰው ተመለሰ። ሁለት ሦስት ዓመት በየቀኑ መንገዱን አይ ነበር። አልመጣችም። ለማን ብላ ትመጣለች?

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጆሮዬ ሳይደፈን፣ ዙልፋ ቤት ምሳ ስበላ ከፓዌ የመጣ አንድ ነጋዴ አገኘሁ። ጠየቅሁት። «ስሜነሽን? አለች እንጂ። ከአመተ ጊዮርጊስ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት» አለኝ። አመተ ጊዮርጊስ ሸጓላም ጎረቤቷ ነበረች፣ የ30 ቁጥሯ። የመንደሩን ቁጥር በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌዋለሁ።

31 ቁጥርን አትቆፍሩ። ብትቆፍሩም ግን የምታገኙት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ድስትና የጥጃ ገመድ ነው።

አረጋ


ፓዌ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

አቶ አረጋ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥቅምት 29 ነው። ያን ቀንና የተከተሉትን ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልጽፍልዎትም።

ሥራውን በተመለከተ፤ ቁፋሮው ወደ ዘጠኝ ቁጥር ተዛውሯል። ካርታውን አርሜዋለሁ። የመካከለኛው ዘመን ቤቶች ሃያ ስድስት ብቻ ናቸው። ትልቁ መንደር የሚባለው ነገር ቀርቷል። በአሥራ ዘጠኙ ላይ «በ1978 ዓ.ም. ሰዎቹ ተወስደው የፈረሱ» ብዬ ጻፍኩ። መሪያችን ማስረጃው ምንድነው ሲለኝ «ዝርዝሩን የጻፈው ሰው» አልኩት።

እዚህ ከመጣሁ ስድስት ቀኔ ነው። አገሩ ይሞቃል። መንደሮቹን የሰየማቸው የለም፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። እኔም ለሸጓላ ቤቶች ቁጥር ስሰጥ እንዲህ ያለ ነገር በአእምሮዬ አልነበረም።

መጀመሪያ ያገኘሁት አመተ ጊዮርጊስን ነው፤ የ30 ቁጥሯን። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ስለ ሸጓላ ጥንታዊ ቤቶች የማጠና ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ ነኝ ስላት እናቴ ቤት አስገባችኝ። እናቴ አንድ ዓይኗ ሞራ ለብሶታል፤ ሌላው በደንብ ያያል። ዳጉሳ እያበጠረች ነበር። ስዕሉን አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ቁልቁለቱን፣ ምንጩን አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲያ ማሳየት አላስፈለገኝም። እየተቀባበሉ «ይህ የእነ ሸጌ ነው፤ ይህ የደሳለ፣ አጥሩን እየገፋ መሬት የቀማን» እያሉ ይስቁ ጀመር። ከልባቸው ነበር የሚስቁት። 31 ላይ ሲደርሱ አመተ ጊዮርጊስ እጇን ሰበሰበች።

«ይህ የእኔ ነው» አለች እናቴ። «ይህ መሣሪያችሁ መሬት ውስጥ ያለ ያሳያል አሉ?»

«መሬቱ ላይ ጉብታ ካለ፣ ጎድጓዳ ካለ ያሳያል» አልኳት።

«መቃብርስ?»

«አንዳንዴ።»

«ትንሽ ነው የሚሆን። ሁለት ዓመቷ ነበር። ወንድሜ ቀብሬያታለሁ ብሎ ጽፎልኛል፤ የት እንደሆነ ግን አልጻፈም። ከዚህ ላይ ይገኝ እንደሆነ ቢያዩልኝ።»

የሸጓላን መሬት ስንዝር በስንዝር ዓመት ሙሉ ያየሁት እኔ ነኝ፤ የልጅ መቃብር የለበትም አልኳት።

«እንግዲያ የት አደረጋት?»

የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። በመንገድ ሁለት ቀን ያጠናሁት። «ንጋት እኔ ነኝ» አልኳት።

እንደሚያስቡት አልሆነም። ዳጉሳውን አስቀመጠችና «በዚህ ስም አይቀልዱብኝ» ብላኝ ወጣች። እስኪመሽ አልተመለሰችም። ደብዳቤዎን ለአመተ ጊዮርጊስ አነበብኩላት፤ እሷ ናት እርሻው ድረስ ሄዳ የነገረቻት። እናቴ ተመልሳ ስትገባ እራት አቀረበችልኝ፣ መኝታዋን ለቀቀችልኝ። ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ፀጉሬን ማን ይሠራኝ እንደነበር፣ የመጀመሪያ ጥርሴ ሲወልቅ ማን ጣራ ላይ እንደወረወረልኝ። እመልሳለሁ። እስከ ትናንት ድረስ ግን «አንቱ» ነበር የምትለኝ፤ እንደ እንግዳ፣ ወይም ከዚህ ዓለም እንዳልሆነ ሰው። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ በድንገት አይታኝ ስታማትብ አየኋት። ትናንት ውኃ ስቀዳ «ተይው አንቺ» አለችኝ። ሁለታችንም ደነገጥን።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ጻፊልኝ አለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፣ አላስቀረሁም።

«አረጋ፣

ደብዳቤህን ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ነው ያስነበብሁት።

ምሥጋናው በወባ መሞቱን ያኔ ነግሬሃለሁ። ከዚያ ወዲህ ያሳለፍሁትን አልነግርህም። የምትጽፈው ልጅቷ ናት፤ እሷ እየሰማች የምለው አይደለም። ፊደል ብቆጥር ኖሮ ራሴ እጽፍልህ ነበር።

የክርስትና ስሟን በየዓመቱ ከሙታን ጋር ለቄሱ እሰጥ ነበር። አሁን ሄጄ አውጣልኝ ልለው ነው። ምን ተብሎ እንደሚነገር አላውቅም፤ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው የለም።

መሬቷን ዝራት አልልህም፣ አትዝራት አልልህም። እንድትመጣ አልፈልግም። እኔም አልመጣም፤ ምሥጋናውን እዚህ ትቼው የት እሄዳለሁ? ልጅቷ እንደ ፈቃዷ ናት፣ ከፈለገች ትጠይቅህ።

አንድ ነገር ግን ጻፍልኝ። ያን ደብዳቤ ስትጽፍልኝ፣ ‹ቀብሬያታለሁ› የምትለዋ ላይ ስትደርስ፣ ልጅቷ የት ነበረች? ተኝታ ነበር? ደጅ ትጫወት ነበር? ወይስ አጠገብህ ተቀምጣ እጅህን ታይ ነበር?

እሱን ብቻ ጻፍልኝ። እሷ ታነብልኛለች።

ስሜነሽ»